ቅመም የገባበት ኮምጣጣ ቢራ አቀማመስ፦ ከመክፈቻው እስከ መጨረሻው ጉንጭ

ኮምጣጣ ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን አጨማድዶ "ይህ ተበላሽቷል" ይላል። ቅመም ሲጨመርበት ፍርዱ ይበልጥ ይቸኩላል። አንዱ "ሽቶ ሽቶ ይላል" ብሎ ይገፋዋል፤ ሌላው በጠርሙሱ ጎን የተጻፈውን የቅመም ዝርዝር አንብቦ ያነበበውን ሁሉ የቀመሰው ይመስለዋል። ሁለቱም ቢራውን ገና አላገኙትም።

በእኔ እምነት የዚህ ቢራ አቀማመስ ዋናው ቁም ነገር የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ሽታው፣ ኮምጣጣነቱ፣ የቅመሙ መዓዛና የቅመሙ ማቃጠል አንድ ላይ አይደርሱም። እያንዳንዳቸው የሚመጡበትም የሚሄዱበትም ሰዓት አላቸው። ማን ቀድሞ እንደ መጣ፣ ማን ማንን እንደ ሸፈነ፣ ማን መጨረሻ ላይ እንደ ቀረ መከታተል የለመደ ሰው፣ የቅመሞቹን ስም ባያውቅ እንኳ ስለ ቢራው የሚናገረው ነገር ይኖረዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተደረደሩት ይህን ለመከታተል እንዲያመቹ ነው።

አንደኛ፦ ብርጭቆው ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድመው ይወቁ

የተራ ቢራ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ4.0 እስከ 4.5 ነው። ኮምጣጣ ቢራ ከ3.0 እስከ 3.6 አካባቢ ይወርዳል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሲድነቱ አሥር እጥፍ መጨመሩ ስለሆነ ምላስ ወዲያው ያውቀዋል።

አሲዱ በዋናነት ላክቲክ አሲድ ነው፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ። የሚያመነጩት ላክቶባሲለስና የእሱ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ ጠማቂዎች ሁለት መንገድ ይከተላሉ። በፈጣኑ መንገድ የብቅሉ ጭማቂ ሆፕ (ለቢራ መራራነትና መዓዛ የሚሰጠው ተክል) ሳይገባበት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት ተይዞ ባክቴሪያው ይጨመርበታል፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ይፈላና ባክቴሪያው ይሞታል፤ እርሾ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ኮምጣጣነት ንጹሕና ቀጥተኛ ነው። ቅመም ለመሸከም ይመቻል፤ ብቻውን ሲቀመስ ግን ብዙ የሚናገረው ነገር የለውም።

ዘገምተኛው መንገድ እርሾና ባክቴሪያ ተቀላቅለው በእንጨት በርሜል ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እንዲሠሩ መተው ነው። ብሬታኖማይሴስ የሚባለው እርሾ የሚታወቀው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በዴንማርክ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ስም የወጣለት ይህ እርሾ የቆዳ፣ የገለባ፣ የፈረስ ኮርቻ የሚያስታውስ ሽታ ይሰጣል። በብራስልስ አካባቢ የሚጠመቀው ላምቢክ የዚህ ወገን ነው። እንዲህ ያለ ቢራ ራሱ ቅመም ቅመም ስለሚሸት ጠማቂው የጨመረውን ከእርሾው ሥራ መለየት ከባድ ይሆናል።

ሆፕ በእነዚህ ቢራዎች ውስጥ እምብዛም የማይሰማበት ምክንያት አለው። መራራ አሲዶቹ ላክቶባሲለስን ስለሚያግዱ ጠማቂው ብዙ ሊጨምር አይችልም። ከዚያም በላይ መራራነትና ኮምጣጣነት አፍ ውስጥ አይስማሙም፤ አንዱ የሌላውን ክፉ ጎን ያወጣዋል። በሌሎች ቢራዎች የመዓዛውን ቦታ የሚይዘው ሆፕ ሲወጣ ያ ቦታ ክፍት ይቀራል፤ ቅመም የሚገባው በዚህ ክፍት ቦታ ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ጥንታዊ ምሳሌ በጀርመን ጎስላር ከተማ ተጀምሮ በላይፕሲግ የገነነው ጎዘ ነው። ከስንዴና ከገብስ ብቅል ተጠምቆ ድንብላልና ጨው ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ1966 ላይፕሲግ ውስጥ መጠመቁ ቆሞ በ1980ዎቹ እንደገና ተጀመረ፤ በየአገሩ ያሉ አነስተኛ ጠማቂዎች ዛሬ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ በርበሬና ቫኒላ የሚጨምሩበት ኮምጣጣ ቢራ በአብዛኛው የእሱ ዝርያ ነው።

ቅመሙ መቼ እንደገባም ለውጥ ያመጣል። በማፍላቱ መጨረሻ የገባ ቅመም ከቢራው ጋር ይዋሃዳል፤ ቀላሎቹ ዘይቶቹ ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይተናሉ። እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የተነከረ ቅመም አፍንጫን ይሞላል፤ አንዳንዴ ግን አፍ ውስጥ ሲገባ ባዶ ይሆናል። "ሽታው ትልቅ፣ ጣዕሙ ትንሽ" የሚያሰኝ ቢራ ሲገጥምዎ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው።

ከጠርሙሱ ላይ የአልኮል መጠኑንና የታሸገበትን ቀን ያንብቡ። የቅመሙን ዝርዝር ግን አያንብቡ፤ ከተቻለ ሌላ ሰው እንዲቀዳልዎ ያድርጉ። ቀረፋ የሚለውን ቃል ያየ አፍንጫ ቀረፋ ማግኘቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፦ ብርጭቆ፣ ሙቀት፣ አፍ

ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይምረጡ። የወይን ጠጅ ብርጭቆ ይበቃል። በሳሙና ከታጠበ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ፤ በፎጣ ከመወልወል ይልቅ ተደፍቶ ቢደርቅ ይሻላል። ቢራው ከተቀዳ በኋላ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እዚህም እዚያም የተጣበቁ አረፋዎች ካዩ ብርጭቆው አልጸዳም፤ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አለበት ማለት ነው።

በፈጣኑ መንገድ ለተሠራ ቀላል ኮምጣጣ ቢራ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ፣ በበርሜል ለቆየ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተስማሚ ነው። ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ በቂ ነው። በረዶ የመሰለ ቢራ መዓዛውን አፍኖ ስለሚይዝ አሲዱ ብቻ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይህን ቢራ የሚጠላው በዚህ ሁኔታ ስለቀመሰው ይመስለኛል።

ከመቅመስ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ማስቲካ ይቅሩ። ጥርስም አይቦርሹ፤ የጥርስ ሳሙና ጣፋጭነትን አደንዝዞ መራራነትን ያጎላል። ሽቶም ሆነ ሽታ ያለው የእጅ ቅባት አይቀቡ። ያልቀዘቀዘ ውሃና ጨው የሌለው ዳቦ አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ብዙ ዓይነት የሚቀምሱ ከሆነ ለእያንዳንዱ ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ከአነስተኛ አሲድ ወደ ከፍተኛ ይሁን፤ በርበሬ የገባበት ግን አሲዱ ምንም ያህል ይሁን መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ መቅዳትና ማየት

ብርጭቆውን አዘንብለው ጀምሩና ቀስ በቀስ እያቀኑ ይቅዱ። ከጠርሙሱ ሥር ዝቃጭ ካለ የመጨረሻውን ጣት ያህል ይተዉትና ለብቻው ይቅመሱት፤ እርሾው ጣዕሙን እንዴት እንደሚያለዝበው ያያሉ።

ስለ ቀለሙ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ደፈርስ ማለቱ ጥፋት አይደለም። አረፋው ቶሎ ቢጠፋም ጥፋት አይደለም፤ ሆፕ ሲያንስና አሲድ ሲበዛ አረፋ አይጸናም፤ የቅመም ዘይትም ያፈርሰዋል። ተራ ቢራ ላይ ነቀፋ የሚሆነው እዚህ አይቆጠርም።

አራተኛ፦ ማሽተት

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሳያወዛውዙ ከአፍንጫዎ ጥቂት ጣት አርቀው አጭር አጭር ትንፋሽ ይሳቡ። ቀጥሎ በመዳፍዎ ከድነው ያዙሩትና ከፍተው ወዲያው ያሽትቱ። በሁለቱ መካከል አፍንጫዎ ከደነዘዘ የራስዎን ክንድ ወይም እጅጌ ያሽትቱ፤ አፍንጫ በለመደው ሽታ ያርፋል።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለብዎ የአሲዱን ዓይነት ነው፤ ይህን የሚነግርዎም አፍንጫ ነው። ላክቲክ አሲድ አይተንም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አይሸትም። ምላስ ላይ ብርቱ የሆነ ቢራ ለአፍንጫ የዋህ ሊሆን ይችላል። የኮምጣጤ አሲድ፣ ማለትም አሴቲክ አሲድ፣ ይተናል፤ አፍንጫን ወጋ ያደርጋል፣ ሲዋጥም ጉሮሮ ይይዛል። እንግዲህ ከመቅመስዎ በፊት አፍንጫዎ "ይኮመጥጣል" ካለ የሸተተዎ ላክቲክ አይደለም። ልዩነቱን ቤትዎ መለማመድ ይችላሉ፦ ከእርጎ ላይ የሚጠል ውሃ በአንድ ብርጭቆ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ የተጨመረበት ውሃ በሌላ፣ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያለበት ውሃ በሦስተኛው። ሦስቱን አሽትተው ከዚያ ቢቀምሱ ኮምጣጣ የሚለው አንድ ቃል ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ይገባዎታል።

ወደ ቅመሙ እንምጣ። አምስት ስድስት ፍሬ ደረቅ ድንብላል በሳሕን ላይ አድርገው በማንኪያ ጀርባ ይጨፍልቁ። የመጀመሪያው ሽታ የሎሚ ልጣጭና አበባ ነው፤ ይህ ሊናሎል የሚባለው ውህድ ሲሆን በሆፕ ውስጥም ይገኛል። ድንብላል ለቢራ እንግዳ የማይሆነው ለዚህ ነው። ያንኑ ጭፍላቂ ለጥቂት ደቂቃ ትተው እንደገና ያሽትቱት፤ ሎሚው ወደ ኋላ ሄዶ የእንጨትና የደረቅ ቅጠል ሽታ ይመጣል። በቢራ ውስጥም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ትኩስ ቢራ የመጀመሪያውን፣ የቆየው ሁለተኛውን ያሳይዎታል።

ቀረፋ፣ ዝንጅብልና ሄልም ለየብቻ በሙቅ ውሃ ነክረው ቢያሸትቱ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆኑዎታል። ዝንጅብል ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ እርጥቡ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ደረቁ ይከርራል፣ ያቃጥላልም።

አሁን ወጥመዱን ልንገርዎ። ቅመም የሸተተ ሁሉ ቅመም ገብቶበታል ማለት አይደለም። በስንዴ ቢራ ውስጥ የሚሠሩ አንዳንድ እርሾዎች ቁልጭ ያለ የቅርንፉድ ሽታ ያመነጫሉ፤ ብሬታኖማይሴስም ጭስና ቅመም የሚመስል ነገር አለው። እውነተኛ ቅርንፉድ መኖሩን የሚያረጋግጠው አፍንጫ ሳይሆን ምላስ ነው። በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ያለው ዩጂኖል አካልን የማደንዘዝ ባሕርይ ስላለው የጥርስ ሐኪሞች ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ በርከት ብሎ ከገባ ምላስዎና ድድዎ ላይ ቀላል መደንዘዝ ይተዋል። የእርሾው ቅርንፉድ ይህን አያደርግም፤ ሸትቶ ብቻ ያልፋል።

የሸተተዎትን አሁን ይጻፉ፤ ከቀመሱ በኋላ ትዝታዎ ይቀየራል።

አምስተኛ፦ ሦስቱ ጉንጮች

በመጀመሪያው ጉንጭ አይፍረዱ። ምራቅ ይጎርፋል፣ መንጋጋ ይኮማተራል፣ ከዚያ ውጭ የሚሰማ ነገር ጥቂት ነው። ሥራው አፍን ማስተዋወቅ ነው፤ ዋጡትና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ኮምጣጣ ቢራን የሚነቅፉ ሰዎች አብዛኞቹ ሁለተኛውን ጉንጭ አልተጎነጩም።

ሁለተኛው ጉንጭ የመከታተያ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ወስደው አምስት ሰከንድ ያህል በአፍዎ ያዙሩትና ይዋጡት፤ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። የቢራ ቀማሾች በአብዛኛው የማይተፉት ለዚህ ነው። ከተዋጠ በኋላ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚመለሰው መዓዛ የቅመሙ ዋና መንገድ ነው።

እንዲህ እየሆነ ይሄዳል። ገና ከንፈር ሲነካ የሚመጣው የጋዙ መቆንጠጥና አሲዱ ነው። ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ጋዙ ራሱ ምላስ ላይ ባለ ኢንዛይም አማካኝነት ወደ አሲድ ስለሚለወጥ ብዙ ጋዝ ያለበት ቢራ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ይኮመጥጣል። ጥርጣሬ ካለዎት ግማሹን ወደ ሌላ ብርጭቆ ቀንሰው በሹካ መትተው ጋዙን ያስወጡና ሁለቱን ያነጻጽሩ። ጋዙ ሲወጣ አሲዱ ቁጭ ያለ፣ ብቅሉም ያልጠበቁትን ያህል ጣፋጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በቀጣዮቹ ጥቂት ሰከንዶች ብቅሉ፣ ስንዴው፣ ፍራፍሬ ካለ ፍራፍሬውና ጨው ካለ ጨው ይገባሉ። ጨው በልኩ ሲሆን "ጨው አለው" አያሰኝም፤ ቢራውን ሞላ ያለ ያደርገዋል፣ አሲዱንም ያለዝበዋል። እንደ ባሕር ውሃ ከታወቀ በዝቷል። ጣዕሙን በምላስ ጫፍ ወይም ጎን ለይተው ለመፈለግ አይድከሙ፤ ምላስን በክልል የሚከፋፍለው የቆየ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ስህተት ነው፤ ሁሉም የምላስ ክፍል ሁሉንም ይቀምሳል።

የቅመሙ መዓዛ የሚመጣው ሲዋጥና ሲተነፈስ ነው። ይህን ለማመን አፍንጫዎን በሁለት ጣት ይዘው ቀረፋ ያለበትን ቢራ ይጎንጩ። ኮምጣጣ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ምናልባት ጥቂት የሚያቃጥል ውሃ ብቻ ነው። ቢራው አፍዎ ውስጥ እያለ ጣትዎን ይልቀቁ፤ ቀረፋው በአንድ ጊዜ ከች ይላል። ቀረፋና ቫኒላ "ያጣፍጣሉ" የሚባለው አብዛኛው ከአፍንጫ የሚመጣ ነው፤ በብርጭቆው ውስጥ የጨመሩት ስኳር የለም።

ከዚያ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ዘግይቶ መጪው ይገባል፦ ማቃጠል፣ መደንዘዝ፣ የአፍ መድረቅ። ዳኝነቱ በአብዛኛው የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ውሃ ለመጠጣት አይጣደፉ።

ሦስተኛውን ጉንጭ ያለ ምርመራ እንደ ጠጪ ይጠጡት። ቢራው የተሠራው ለዚህ ነውና።

ስለ ማቃጠል ትንሽ ሰፋ አድርገን

በርበሬ የሚያቃጥለው ጣዕም ስለሆነ አይደለም፤ የሙቀትና የሕመም ስሜት ነው። በርበሬ ውስጥ ያለውን ካፕሳይሲን የሚቀበለው የነርቭ ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 የተለየ ሲሆን፣ ግኝቱን የመራው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ለቀማሽ የሚጠቅመው ዝርዝር ይህ ነው፦ ያው ተቀባይ ለብርቱ ሙቀት፣ ለአሲድና ለአልኮልም ይነቃል። አሲድና በርበሬ የሚያንኳኩት አንድ በር ስለሆነ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጎላል። በተራ ቢራ ውስጥ የማይሰማ የበርበሬ መጠን ኮምጣጣ ቢራ ውስጥ ጉሮሮ ሊያስጠርግ ይችላል። ቅዝቃዜ ይህን ሁሉ ለጊዜው ስለሚሸፍን ቢራው ብርጭቆ ውስጥ እየሞቀ ሲሄድ ማቃጠሉ ይበረታል።

የሚያቃጥሉ ቅመሞችም በሰዓታቸው ይለያያሉ። የዝንጅብልና የቁንዶ በርበሬ ማቃጠል ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ ይበርዳል። የበርበሬው ዘግይቶ ይመጣል፤ በየጉንጩም እየተደራረበ ይሄዳል። ቀረፋም በሌላ ተቀባይ በኩል ምላስን የሚያሞቅ ጠባይ አለው። ከተደጋገመ በኋላ ነርቮቹ ይደነዝዛሉ፤ ለዚያ ነው በርበሬ የገባበት ቢራ መጨረሻ ላይ ይሁን ያልኩት። ከእሱ በኋላ የሚመጣ ረቂቅ ጎዘ ዳኝነት አያገኝም። ካፕሳይሲን በውሃ ስለማይሟሟ ውሃ ብዙም አይረዳዎትም፤ ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ያጥበዋል።

ስድስተኛ፦ ውፍረትና መድረቅ

ከዋጡ በኋላ ምላስዎን ከላንቃዎ ጋር ያሻሹ። ርጥብና አንሸራታች ከሆነ አሲዱ ምራቅ ጠርቷል፤ ደረቅና ሻካራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ታኒን የሚባለው አፍ የሚያደርቅ ውህድ ነው። የቀረፋ ቅርፊት፣ ቅርንፉድና የበርሜል እንጨት ታኒን አላቸው፤ ከልክ በላይ ከተነከሩ እንደ ከረረ ሻይ አፍ ይይዛሉ። ኮምጣጣ ቢራ በተፈጥሮው ቀጭን ስለሆነ ይህን የሚሸፍንለት ውፍረት የለውም። የቅመም ቢራ ላይ በብዛት የማየው ድክመት የቅመም መብዛት ሳይሆን የቅመም መቆየት ነው።

ሰባተኛ፦ ጥፋትን ከጠባይ መለየት

ኮምጣጣ ስለሆነ ማንኛውም እንግዳ ሽታ "እንደዚህ ነው የሚሠራው" ተብሎ መታለፍ የለበትም። ትውከት ወይም የሻገተ ቅቤ የሚያስታውስ ሽታ ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ በፈጣኑ መንገድ ሲጠመቅ ያልተፈለገ ባክቴሪያ መግባቱን ያመለክታል። ያረጀ አይብ ወይም የካልሲ ሽታም ከዚያው ጎራ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ አሴቲክ አሲዱ ከአልኮል ጋር ተጋብቷል፤ በጣም በትንሹ በበርሜል ቢራ ይታገሡታል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ይተዉት። እርጥብ ካርቶን እርጅና ነው። የተቃጠለ ጎማ ወይም የሚከረፋ አውሬ የሚመስል ሽታ ደግሞ በብርሃን ከተመታ ሆፕ ይመጣል፤ ጠርሙሱ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ይጠርጥሩ። ድንብላልም ሲበዛ ወይም ሲያረጅ የሳሙና፣ አንዳንዴም የተቀቀለ አትክልት ጣዕም ያመጣል።

ከሁሉ ተንኮለኛው የአይጥ ጎጆ የሚያስታውሰው ጣዕም ነው። ብርጭቆውን ሲያሸትቱ የለም፤ ሲጎነጩም የለም። ከዋጡ ከ10 ወይም ከ20 ሰከንድ በኋላ፣ ምራቅ አሲዱን ሲያበርደው፣ ከጉሮሮ ጀርባ ብቅ ይላል። አሲዳማ በሆነ ቢራ ውስጥ ውህዱ ስለማይተን ነው እንዲህ የሚደበቀው። አንዳንድ ሰው ጨርሶ አይሰማውም፤ ስለዚህ ከጓደኛዎ ጋር ብትለያዩ አትጣሉ። በተቀላቀለ እርሾ የተሠራ አዲስ ቢራ ላይ ከሆነ ከወራት በኋላ ሊጠፋ ይችላል።

ብዙ ቅመም የገባበት ቢራ ላይ ጥርጣሬ ካደረብዎ ጥቂቱን ለይተው እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ያሙቁትና እንደገና ያሽትቱ። ቀረፋና ቅርንፉድ ጥሩ ሸፋኞች ናቸው፤ ሙቀት ግን የተሸፈነውን ያወጣዋል።

ስምንተኛ፦ መፍረድና መጻፍ

ማስታወሻዎን በሰዓት ቅደም ተከተል ይጻፉ። ለምሳሌ፦ "አፍንጫ ላይ የሎሚ ልጣጭ፣ ኮምጣጤ የለም። ሲገባ ጋዙ ብርቱ፣ አሲዱ ፈጣንና ንጹሕ። መሐል ላይ ስንዴ፣ ከጀርባው ትንሽ ጨው። ሲዋጥ ድንብላል፣ ከዚያ ደረቅ ዝንጅብል፤ ማቃጠሉ በአሥር ሰከንድ በረደ። አፍ ርጥብ ቀረ።" እንዲህ ያለው ማስታወሻ "ደስ ይላል፣ ቅመም ቅመም ይላል" ከሚለው የሚበልጠው ሌላ ቀን ሌላ ቢራ አጠገቡ አስቀምጠው ማነጻጸር ስለሚችሉ ነው።

ፍርድ ላይ ራስዎን የሚጠይቁት፦ ቅመሙ ባይኖር ይህ ቢራ ይጠጣ ነበር? መልሱ "አይ" ከሆነ ቅመሙ የተጠራው ለመሸፈን ነው። በእኔ ምርጫ ድንብላል፣ ሄል፣ እርጥብ ዝንጅብልና የብርቱካን ልጣጭ ኮምጣጣ ቢራን ያውቁበታል፤ ሁሉም በመዓዛቸው ውስጥ ሎሚ የሚመስል ነገር ስላላቸው አፍንጫ የሚጠብቀውና ምላስ የሚያገኘው ይገጥማል። ቀረፋና ቫኒላ ግን አፍንጫን ጣፋጭ ነገር ያስጠብቁታል፤ ምላስ ሲቀበለው አሲድ ያገኛል። ይህ አለመግጠም ሊያስደስት የሚችለው ቢራው ውስጥ የሚታይ ጣፋጭነት ወይም እንደ ቼሪ ያለ ጥቁር ፍራፍሬ ሲኖር ነው። ቀጭን፣ ደረቅና ኮምጣጣ ቢራ ላይ የተነሰነሰ ቀረፋ ግን ሁልጊዜ ከሌላ ብርጭቆ የፈሰሰ ይመስለኛል።

አሁን የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ። ያላገኙት ቅመም ካለ ተመልሰው ይፈልጉት፤ የጻፉትን ግን አይሰርዙ። ችሎታዎን መፈተን ከፈለጉ ሌላ ሰው በሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ሁለቱን ከአንድ ቢራ፣ አንዱን ከሌላ ይቅዳልዎና የተለየውን ይፈልጉ። ቀላል የሚመስለው ይህ ፈተና ብዙ ልበ ሙሉ ቀማሾችን ዝም ያሰኛል።

ከጨረሱ በኋላ

አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ጥርስዎን ግን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይቦርሹ። አሲድ የጥርስን ሽፋን ለጊዜው ስለሚያለሰልሰው ወዲያው መቦረሽ ይፍቀዋል። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ የሚመለስባቸው ሰዎች ይህን ቢራ ባዶ ሆዳቸውን ባይቀምሱ ይመረጣል። ብርጭቆዎቹ ትንንሽ ቢሆኑም አልኮሉ ይደመራልና መኪና አይንዱ።

ሁለት ጠርሙስ ከገዙ አንዱን ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ቀጥ አድርገው ያቁሙትና ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ማስታወሻ ይዘው ይክፈቱት። አሲዱ እንዳለ ይቆይዎታል። የድንብላሉና የልጣጩ ሎሚ አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል፤ የቫኒላውም ይለዝባል። ካፕሳይሲን ግን ስለማይተን በርበሬ የገባበት ቢራ መዓዛውን አጥቶ ማቃጠሉን ይዞ ይጠብቅዎታል፤ እሱን አያቆዩት፣ ትኩስ እያለ ይጠጡት።